ሁለቱ ጥቁር ድንጋዮች

ነገሩን ሁሉ ያመጣው አንድ ጆንያ በርበሬ ነው።

ዱባለ በቡታጅራ ከተማ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጣቱ ከቀለም በቀር ሌላ እድፍ የማያውቅ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ኮቱ ሁልጊዜ ከትከሻው የሚተርፍ ሰው። ኮቱን የሰፋለት ሽፋ፣ ገበያው ዳር የልብስ መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ነገረኛ፣ "እኔ የሰፋሁት ለሙሉ ሰው ነው፤ የጎደለውን አንተ ሙላው" እያለ ያሾፍበታል። ዱባለም አብሮ ይስቃል። ከሽፋ ዓይን ሲሰወር ግን ሳቁ ወዲያው ይጠፋል።

በ1962 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ዱባለ ከቢሮ ሲመለስ ሚስቱን ወይንሸትን ከአንድ ጆንያ በርበሬ አጠገብ ቆማ አገኛት። ወይንሸት የእንሴኖ ልጅ ናት፤ ከተጋቡ ገና ሰባት ወራቸው ነበር። በርበሬውን ሸጣዋለች፤ የቀረው የገዥው ጋሪ ላይ መጫን ብቻ ነው። ዱባለ ከንፈሩን ነከሰና "ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ" አለ። ምነው ባላለ! ጆንያውን ትከሻው ላይ እስኪያወጣ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ አንደኛው ጉልበቱ ታጠፈ፣ ሌላኛውም ጓደኛውን ተከተለ፣ ጸሐፊው ዱባለም ገበያ መሐል በግንባሩ ተደፋ። ጆንያው ከላዩ ተኛበት። ወይንሸት ጎንበስ ብላ ጆንያውን ብድግ አደረገችና ጋሪው ላይ ጣለችው።

"ወይንሸት!" አለ ሽፋ ከመኪናው ላይ ተነስቶ። "ባልሽንም ደርበሽ ጫኚው እንጂ! ጋሪው ይችላል!"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ወይንሸት አልሳቀችም። የባሏን ኮት ከአቧራው እያራገፈች "ቤት እንግባ" አለችው። ዱባለ ግን ይህን ልብ አላለም። ጆሮው ውስጥ የቀረው የሽፋ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሰኔ ላይ መዝገብ እንዲያደርስ አዲስ አበባ ተላከ። መዝገቡን አስረክቦ ሲያበቃ ቀጥ ብሎ መርካቶ ወረደ፤ ምናለሽ ተራ ገባ። እዚያ ከድሮ የሚባል የስልጤ ሰው አሮጌ ብረት ይሸጣል።

"ብረት ነበር የፈለግኩት" አለ ዱባለ።

"የበር ነው የመስኮት?"

"የሚነሳ።"

"ሁሉም ይነሳል፤ እኔ ጋ የተተከለ የለም።"

ዱባለ ግራ ቀኙን ገላመጠና፣ ስርቆት እንደሚነጋገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገ። ከድሮ ገባው። ከመኪና ባሌስትራ ክምር ሥር ሰው የሚያህል ዘንግ ብረት ጎትቶ አወጣ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገቡ ሁለት ክብ ክብደቶችም አብረው ነበሩ።

"የአንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር። አገሩ ሲገባ ጥሎት ሄደ። ደረቱ ወላሂ ይሄን ያህል ነበር" አለና ሁለት ክንዱን እስከሚችለው ዘረጋ።

"ሌሎቹ ክብደቶችስ? ሁለት ብቻ ነው እንዴ?"

"ሌላው ተሸጠ። በነዚህ ጀምር፤ ሲያንስህ አንተው ታገኝለታለህ።"

ዱባለ ብረቱን ገዛ። በሁለት እጅ እየሳቡ ደረት የሚያሰፉበት ስፕሪንግ ጨመረበት። ከድሮ ደግሞ ምራቂ ብሎ ገጹ የተበላ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሰጠው። ጽሕፈቱ የፈረንጅ ነው፤ ሥዕሉ ግን ለማንም ይገባል። ራቁቱን የቆመ ጡንቸኛ ሰውዬ ብረት ከመሬት ያነሳል፣ ጉልበቱ ላይ ያደርሳል፣ ደረቱ ላይ ያደርሳል፣ ከራሱ በላይ ይሰቅላል። በመጨረሻው ሥዕል ላይ ፈገግ ብሏል። ዱባለ ያን ፈገግታ ወደደው።

የአውቶቡሱ ረዳት ብረቱን ጣሪያው ላይ ሲያስር "ምንድነው ይሄ ጌታዬ?" አለው። "የጋሪ ነው" አለ ዱባለ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ሲጠይቁት የወፍጮ ነው አላቸው። ቡታጅራ ወርዶ ተሸካሚው ሲጠይቀው የበር መቀርቀሪያ ሆነ። ሰው ደረቴን ላሰፋ ነው ማለትን ምን እንደሚያሳፍረው እንጃ! አንድ ብረት በአንድ ቀን ሦስት ሥራ ያዘ። ዱባለ ውሸት የለመደ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ቀለል ብሎ ወጣለት።

ከቤቱ ጎን ጥጃ የማይታሰርበት አሮጌ የጥጃ ቤት ነበር። ዱባለ አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያ ከረመ። ወለሉን ደለደለ። ሁለት የባሕር ዛፍ ባላ ቆርጦ፣ ጉልበት በሚደርስ ጉድጓድ ተከላቸውና ዙሪያቸውን በጠጠር ጠቀጠቀ፤ ብረቱ የሚያርፈው በባላዎቹ ላይ ነው። እኩል መቆማቸውን ለማወቅ ግማሽ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ብረቱ ላይ አስተኛና ውሃው ወደየት እንደሚያዘነብል እያየ፣ አንዱን ባላ ሦስት ጊዜ ነቅሎ ተከለው። በሁለት ጉማጅ ግንድ ላይ ሳንቃ መትቶ በጀርባ የሚተኙበት አግዳሚ ሠራ። ከጣሪያው ወጋግራ ሥር ለመንጠልጠያ የሚሆን የውሃ ቧንቧ አጋደመ። መጨረሻ ላይ የመላጫ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

እናቱ ወለተ ሐና በሩ ላይ ቆማ አየችው። "ሰው ልትሰቅልበት ነው?"

"ስፖርት ነው እማዬ።"

"በሬው እያለ አንተ ቀንበር ልትሸከም?" አለችና ሄደች።

ወይንሸት አልቀለደችም። በሦስተኛው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ሲፈርጥ እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ቅቤ ቀባችለት፤ በጨርቅም ጠቀለለችለት። "ለምን እንዲህ ትደክማለህ?" ስትለው "ለጤና ነው" አላት። ገበያውን አላነሳባትም። እሷም አላነሳችም።

ሐምሌ ሲገባ ሁለቱ ክብደቶች ቀለሉት። ወይም የቀለሉት መሰለው፤ በሥዕሉ ያለው ሰውዬ በየጎኑ ድርብርብ አድርጎ ሲያነሳ ማየት ዓይኑን አስጎምጅቶት ሊሆን ይችላል። ብቻ ከባድ ነገር ያስፈልገው ነበር፤ ያውም እኩል የሚመዝን ሁለት። በሁለት ጣሳ አሸዋ ሞልቶ ሞከረ፤ አንዱ ጣሳ ተቀደደና ብረቱ አጋድሎ እግሩን ለጥቂት ሳተው። ድንጋይ ፈለገ። የቡታጅራን ድንጋይ ግን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሴቶች ተረከዛቸውን የሚፈገፍጉበት ያ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ነው። የበግ ራስ የሚያህለውን ልጅ በአንድ እጁ ያነሳዋል።

ከባድ ድንጋይ በግቢው ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል፣ የቆጮው ጉድጓድ ላይ። ሁለቱን ጥቁር ድንጋዮች የዱባለ አያት ከወንዝ ያስመጧቸው ናቸው ይባላል፤ ድብልብል፣ ልስልስ፣ መንታ የሚመስሉ። አማት ለምራት ታወርሳቸዋለች። ወለተ ሐና ባለፈው የካቲት ለወይንሸት ስታስረክባት "ከዛሬ ጀምሮ ጉድጓዱም ድንጋዩም ያንቺ ነው። ለመስቀል ስንከፍተው እጅሽን እናያለን" ብላት ነበር። ወይንሸት እንሰቱን ፍቃ፣ ጨምቃ፣ በኮባ ጠቅልላ እንዲብላላ ቀበረችው። የጉድጓዱን አፍ በኮባ ደራርባ ሸፈነችና ድንጋዮቹ ከላይ ተጫኑ። የመጀመሪያ ጉድጓዷ ነበር። የአዲስ ምራት ስም የሚወጣውም የሚወርደውም በመጀመሪያ ጉድጓዷ ነው።

ዱባለ ቆጮ ሲበላ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ድንጋዩ እዚያ ምን እንደሚሠራ ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። እንሰት መትከል የወንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶች ነው፤ ወንድ ጉድጓዱ አጠገብ ድርሽ አይልም። የቀረበለትን በልቶ "እጅሽ ይባረክ" ይላል፤ በቃ። ስለዚህ ዱባለ ድንጋዮቹን ሲያያቸው የታየው ነገር ቢኖር ኮባው በነፋስ እንዳይገለጥ የተቀመጡ መሆናቸው ነው። ይህን ደግሞ ማንኛውም ድንጋይ ይሠራዋል ብሎ አሰበ።

እናቱና ሚስቱ ገበያ በሄዱበት አንድ ዓርብ ጓሮ ገባ። ድንጋዮቹን እያንከባለለ ጆንያ ላይ አወጣቸውና እየጎተተ አንድ በአንድ ጥጃ ቤት አደረሳቸው። በምትካቸው እነሱን የሚያህሉ ሁለት ቀይ ድንጋዮች አስቀመጠ። ከላይ የነበረውን ደረቅ ኮባ መልሶ አለበሳቸው። ዞር ብሎ ሲያየው ምንም የተነካ አይመስልም። ጥቁሮቹን በጠፍር ጠፍሮ በብረቱ ጫፍና ጫፍ አንጠለጠላቸው። በመጀመሪያው ቀን ከመሬት ንቅንቅ አላሉለትም። ደስ አለው።

ክረምቱ እንደዚያ አለፈ። ውጭ ዝናቡ ሳር ክዳኑን ሲደበድብ ዱባለ ውስጥ ሆኖ ያነሳል፤ ሲያበቃ ድንጋዮቹን በጆንያ ይሸፍናቸዋል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ከመሬት አላቀቀ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጉልበቱን አሳለፋቸው። አንዱን ብቻ ፈትቶ በክንዱ አቅፎ ማንሳትም ለመደ፤ መጀመሪያ ሆዱ ላይ፣ በኋላ ደረቱ ላይ፣ ጳጉሜን ሲገባ ትከሻው ላይ። ኮቱ ጀርባው ላይ ጠበብ አለ። ወይንሸት አንድ ጠዋት ቁልፉን ስትቆልፍለት "ይሄ ነገር እኮ ሞላ" ብላ ደረቱን መታ መታ አደረገችው። ዱባለ ያን ቀን ቢሮ እስኪደርስ ድረስ በአየር ላይ ሄደ። ለመስቀል ወንድሞቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ ሽፋም ለደመራው ሳይሆን ለክትፎው ሲጠራ፣ ሁሉም ባለበት ግቢው መሐል ድንጋዩን ትከሻው ላይ ሊያወጣ አስቧል። ወይንሸት የት ሆና እንደምታየው ሳይቀር ቦታ መርጦላታል።

መስከረም ስድስት ቀን ምሳ ላይ እናቱ "ቅዳሜ ጉድጓዱን እንከፍታለን" አለች። ዱባለ ድንጋዮቹን መመለስ እንዳለበት ያኔ ትዝ አለው። በማግስቱ ሴቶቹ ወንዝ ሲወርዱ ጓሮ ገባ። ደረቅ ኮባውን ገለጠ፤ ቀዮቹን ድንጋዮች አነሳ። ከሥራቸው ያለው ኮባ አብጦ፣ መሐሉ ላይ ተተርትሮ፣ የዝናብ ውሃ አቁሮ ነበር። የቆጮ ሽታ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ይሄ እሱ አይደለም። የሞተ ነገር ይሸታል።

ያን ጊዜ ገባው። ድንጋዩ ሽፋን እንዳልነበረ፣ ክብደቱ ራሱ በር እንደነበረ፣ በሩን ከፍቶ ክረምቱን ሙሉ ዝናብና አየር እንዳስገባ ገባው። እዚያው ተቀመጠ። መሄድና መንገር ነበረበት። ወንዙ ሩቅ አይደለም። ወይንሸት እዚያ ናት፤ ምናልባትም ከቅዳሜ በፊት ከላይ ያለውን ጥላ ከሥር ያለውን ታተርፍ ይሆናል። ዱባለ ግን ተነሳና ጥቁሮቹን ድንጋዮች አምጥቶ በቦታቸው ጫናቸው፤ ቀዮቹን ከጥጃ ቤቱ ጀርባ ጣላቸው፤ እጁን ታጥቦ ቢሮ ሄደ። ምናልባት ላይ ላዩ ብቻ ይሆናል አለ ለራሱ። ምናልባት አይታወቅ ይሆናል አለ። ፈሪ ሰው ምናልባት የምትለዋን ቃል ሲወዳት!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ሴቶች መጡ። ፊት የምትመራው ጎረቤታቸው ከድጄ ናት፤ ጉድጓድ ገና ሳይከፈት በአፍንጫዋ የምትፈርድ አሮጊት። ዱባለ ጥጃ ቤት ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ድንጋዮቹ ሲንከባለሉ ሰማ። ኮባው ሲገለጥ ሰማ።

"ያ ረቢ" አለች ከድጄ።

"እስከ ታች ነው?" የእናቱ ድምፅ ነው።

"እስከ ታች።"

"ድንጋዩ በቦታው ነው፤ ውሃ ከየት ገባ? ወይንሸት፣ ኮባውን እንዴት አድርገሽ ነው የደረብሽው?"

"እንዳሳዩኝ ነው እማዬ" አለች ወይንሸት። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። "እንዳሳዩኝ።"

"እኔ እንዲህ አላሳየሁሽም!"

ወለተ ሐና ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ልጆቿ ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው፤ በዚያ ቤት ለመስቀል ቆጮ ጠፍቶ አያውቅም፤ ያፈረች ሴት ደግሞ ቃል አትመርጥም። እጅሽ አይረባም አለቻት። ሰኞ እንሴኖ እናትሽ ዘንድ ሂጂ፤ መስቀልን እዚያ ዋዪ፤ ሥራ ስትማሪ ትመለሻለሽ አለቻት። ምራት ከመስቀል በፊት ወደ ወላጆቿ ስትላክ ተባረረች እንደሚባል ያልገባው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ዱባለ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘው። በሩ ሦስት እርምጃ ነው። አልወጣም።

ማታ እራት ላይ ወይንሸት አልበላችም። እያንዳንዱን ነገር ከመጀመሪያ ጀምራ ቆጠረችለት፤ የቱን እንሰት እንደቆረጠች፣ ስንት ቀን እንደጨመቀች፣ ኮባውን ስንት ጊዜ እንደደረበች።

"ድንጋዩንም አስተካክዬ ነው የጫንኩት። ከድጄም አይታዋለች" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ወይስ አላስተካከልኩም? እንጃ። እጄ ይሆናል" አለች።

ዱባለ እኔ ነኝ ሊላት ነበር። "ተይው በቃ፣ ያልፋል" ብሎ ዋጠው። ከዚያ የባሰ ቃል በዚያ ማታ አልነበረም። ወይንሸት ቀና ብላ አየችውና እጇን ከትሪው ላይ ሰበሰበች። ያንን እጅ አወቀው፤ ቅቤ የቀባው እጅ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ውጭ ቆሞ ተመለሰ። ጥጃ ቤት ገባ፤ ብረቱን ሳይነካ ወጣ። መስታወቱ ውስጥ ደረቱ ሰፍቶ ይታየዋል። ገለበጠው።

ሰኞ ጠዋት ወይንሸት ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወጣች። ሴቶቹ ሊሸኟት ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ከድጄም አለች። ዱባለ ከቤት ወጥቶ በሚስቱና በአጥሩ በር መሐል ቆመ።

"አትሄድም" አለ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ድንጋዮቹን አንስቻቸው ነበር። ለስፖርቱ። ቀይ ድንጋይ ተክቼ ክረምቱን ሙሉ እኔ ጋ ነበሩ። ሐሙስ ነው የመለስኳቸው።"

ከዚያ የከድጄ ዓይን እንባ አቀረረ።

"ወለተ ሐና" አለች፣ "ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድሽው? ለሚስቱ ብሎ፣ ወንዱ ሰውዬ፣ ጉድጓድ ነካሁ ይላል! አላህ ይባርክህ ልጄ። እንዲህ ያለ ባል ለልጆቻችን ይስጥልን።"

"አሜን" አሉ ሴቶቹ።

"እውነቴን ነው የምላችሁ!"

"እውነትህን ነው፣ እውነትህን ነው" አለች ከድጄ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደምታባብል።

"ቀዮቹ ድንጋዮች ከጥጃ ቤቱ ጀርባ አሉ፤ እዩዋቸው!"

"ቀይ ድንጋይ የሌለበት የት አለ?" አለች እናቱ። ተቆጥታለች፤ ልቧም ተነክቷል፤ ሁለቱም ፊቷ ላይ አለ። "የካቲት ላይ አንዱን ድንጋይ እኔና ከድጄ በእንጨት ተሸክመን፣ ይቺ ከኋላ ደግፋን ነው ያደረስነው። አንተ ነህ ብቻህን ያነሳኸው? አንተ እኮ አንድ ጆንያ በርበሬ..." አለችና የቀረውን ተወችው።

ዱባለ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ታምነኛለች ብሎ ነበር። ወይንሸት ቋጠሮዋን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች።

"አንተም እጄ ነው ብለሃል ማለት ነው" አለችው ቀስ ብላ።

"ምን?"

"ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ ባታምን አትዋሽልኝም ነበር።"

ይሄ ከሁሉም ከበደው። ለአውቶቡስ ረዳት የዋሸው ታምኖለታል፤ ለተሸካሚ የዋሸው ታምኖለታል፤ በሕይወቱ ከሁሉ ይልቅ እውነት የሆነውን ሲናገር ሴት ሁሉ ይመርቀዋል። ኮቱን አወለቀ። ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሴቶቹም ምን ሊሆን ነው ብለው ተከተሉት። ባዶው ጉድጓድ አጠገብ ሁለቱ ጥቁር ድንጋዮች ተጥለዋል። ዱባለ እግሩን ከፈተ፣ በጉልበቱ በረከከ፣ ጀርባውን አቀና፤ ልክ እንደ ሥዕሉ። አንዱን ድንጋይ አቀፈው። ጉልበቱ ላይ አደረሰው። ሆዱ ላይ አደረሰው። አንድ ጊዜ ተነፈሰና ደረቱ ላይ አወጣው፤ ከዚያ ትከሻው ላይ።

ክረምቱን ሙሉ የተመኘው ይህን ነበር። ሰው ከቦት፣ ሚስቱ እያየችው። ከድጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እናቱ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጎበዝ ያለው የለም። ድንጋዩ ከሥሩ የብረት ዝገት ይዞ፣ ዙሪያውን ጠፍር የፈገፈገው ምልክት ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ ሁሉም አዩት። ዱባለ አውርደው የሚለው ሰው እየጠበቀ ቆመ። ማንም አላለውም።

ወይንሸት ቀረበችው። ጣቷን በጠፍሩ ምልክት ላይ አስኬደች።

"ያን ቀን ገበያ ላይ" አለች፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጆንያውን ከላይህ ያነሳሁት ሰው ሳያይህ ብዬ ነው። እየፈጠንኩ ነበር። ሽፋ ቀደመኝ።"

ዱባለ ድንጋዩን በሁለት እጁ ጠበቅ አደረገው። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"አንተ ሁለት ቀን ቁጭ ብለህ አየኸኝ" አለች።

ድንጋዩ ከትከሻው ወርዶ ጭቃው ውስጥ ገባ። ወለተ ሐና ከተቀመጠችበት የምራቷን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። "ይቅር በዪኝ ልጄ። አትሂጂ።"

"እሄዳለሁ እማዬ" አለች ወይንሸት፣ አማቷን ደግፋ እያነሳች። "ለመስቀል ቤቱ ባዶ አይሆንም። ከእናቴ ጉድጓድ አምጥቼ እመለሳለሁ።" ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ዱባለን "ተነስ፣ አብረን ነን" አለችው። "የምትሸከመው አንተ ነህ። ለእናቴም በራስህ አፍ ትነግራታለህ።"

ነገራት። አማቱ ፊት ቆሞ፣ ከጆንያው ጀምሮ፣ ሐሙስን ሳይዘል፣ ቅዳሜ ማታ "ያልፋል" ያላትን ሳይዘል ነገራት። አማቱ እስኪጨርስ ሰማችውና ጉድጓዷን ልትከፍት ወጣች። ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

በመስቀል ዋዜማ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ገበያው ሞልቷል። ዱባለ በኮባ የተጠቀለለውን ቆጮ፣ ሁለት ሰው የሚያደክመውን፣ ትከሻው ላይ አውጥቶ መንገዱን ያዘ። ወይንሸት ባዶ እጇን ከፊቱ ትሄዳለች። ሽፋ ከመኪናው ላይ ቀና አለና መቀሱን ጣለው።

"ኧረ ዱባለ! ኮቱን ሞላኸው እኮ! እዩት እንጂ ሰዎች፣ ጎበዝ!"

ገበያው ዞሮ አየው። አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው መንገድ ለቀቀለት። ሽፋ ደግሞ ከኋላው "ጎበዝ!" አለ። ወይንሸት አልዞረችም። ዱባለ ሸክሙን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ አዛወረና ዓይኑን ከሚስቱ ተረከዝ ሳያነሳ ተከተላት።